ሥራ ሲጠናበት የሚጠፋ ኮምፒውተር

ደብዳቤ ሲጽፉበት ደኅና ሆኖ የሚውል፣ ከበድ ያለ ሥራ ሲሰጡት ግን ድርግም ብሎ የሚጠፋ ኮምፒውተር በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ አይጠፋም። ሳይመረምሩ መፍረድም የዚያኑ ያህል የተለመደ ነው። «ቫይረስ ገብቶበታል» ይባላል፤ ወይም «አርጅቷል» ተብሎ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል፤ ወይም ደግሞ በመጨረሻ የነካው ሰው ይጠየቅበታል። እኔም ከፈራጆቹ አንዱ ስለ ነበርሁ የዚህን ሳምንት ገጽ በራሴ ጥፋት እጀምራለሁ።

ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ብዙ አንባቢ ስሟን የሚያውቀው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። እኔ ግን በዚህ አካባቢ ሳስተምር የማውቃት በበጋው አቧራዋ ነው። የቤተ ሙከራ ዕቃ ስለሚያንሰን የኬሚስትሪ ሙከራ የሚታይባቸውን ቪዲዮዎች እያሳነስሁ በተማሪዎች ስልክ ላይ እጭናለሁ። ቪዲዮ ማሳነስ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ፕሮሰሰሩን ያለ ዕረፍት በሙሉ ኃይሉ የሚያሠራ ነው። አንደኛው ኮምፒውተር ይህን ሥራ በጀመረ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ምንም ሳይናገር ጠፋ። አስነሣሁት፤ ደብዳቤ ጻፍሁበት፤ ደኅና ነው። ቪዲዮውን መለስሁለት፤ እንደገና ጠፋ።

በዚያው ሳምንት አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ፍላሽ ሰክቶበት አይቼ ነበርና ጠራሁት። «ቲቸር፣ እኔ ማስታወሻ ብቻ ነው የገለበጥሁት» አለኝ። አላመንሁትም። ከኮምፒውተር ክፍሉ ለሁለት ሳምንት አገድሁት። ቫይረስ ፈላጊውን ፕሮግራም ባስኬድሁ ጊዜ ምንም አላገኘም፤ እንዲያውም ፍለጋው ራሱ ሥራ ስለሆነበት ኮምፒውተሩ በመካከሉ ጠፋ። ያን ጊዜ ነው እጄን ከበስተ ኋላው ያስጠጋሁት። የሚወጣው አየር ትንሽ ነው፤ ሙቀቱ ግን እንደ ምጣድ ነው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰር የሚበላው ኤሌክትሪክ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የተለመደው የቢሮ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ሥራ ሲፈታ የሚወስደው ጥቂት ዋት ብቻ ነው፤ ሥራ ሲጠናበት ግን 65 ዋትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም ከማይበልጥ ቁራጭ ነው። በላዩ የተቀመጠው ባለ ብዙ ክንፍ ብረት ሙቀቱን ተቀብሎ ለነፋስ ይሰጣል፤ ማራገቢያው ነፋሱን ይገፋል። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረብ አብዛኛው ፕሮሰሰር በመጀመሪያ ሥራውን ያዘገማል፤ ይህም ካልበቃው ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ኃይሉን ያቋርጣል። ስለዚህ እኛ «ሞተ» የምንለው ብዙ ጊዜ ራሱን ሲያድን ነው።

በአገራችን ሌላም ነገር ይጨመርበታል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ግድም ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻው አየር ከመቶ 17 ወይም 18 እጅ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ በአንድ ዙር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። አዲስ ኮምፒውተር ይህን ሳይሰማው ይችለዋል። ክንፎቹ በአቧራ የተደፈኑበት ግን አይችለውም።

ሽፋኑን ከፈትሁና ከፊት ለፊቱ የክፍሉን ቬንትሌተር አቁሜ ያንኑ ቪዲዮ ሰጠሁት። በዐሥር ደቂቃ ይጠፋ የነበረው አርባ ደቂቃ ሠርቶ ጨረሰ። አንድ ሳንቲም አልወጣበትም፤ ከብዙ ክርክርም ይሻላል። ሽፋኑ ሲከፈት የሚሻለው ከሆነ በሽታው ሙቀት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የብሩሽ ሥራ ነው። አጥፍቶ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ ማራገቢያውን እንዳይሽከረከር በጣት ይዞ አቧራውን መጥረግ። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ያለው ቅባት፣ ተርማል ፔስት የሚባለው፣ ከዓመታት በኋላ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሆናል። በአልኮል ጠርጎ ከሽንብራ ፍሬ የማይበልጥ አዲስ ቅባት ማድረግ ይበቃል። በጥርስ ሳሙና የሚተኩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ለጥቂት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ ይደርቅና የባሰ ይሆናል።

ልጁን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም በጨዋነት «ምንም አይደለም ቲቸር» አለኝ። ሁለቱ ሳምንት ግን አልፎ ነበር።

ሁለተኛው ኮምፒውተር ሌላ ትምህርት ሰጠኝ። ጠረግሁት፣ ቅባቱን ለወጥሁ፣ ሙቀቱን ኮር ቴምፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ተመለከትሁ፤ ሥራ በዝቶበትም ከ70 ዲግሪ አልዘለለም። ሆኖም ይጠፋል፤ ይልቁንም ወደ ማታ፣ ቤቱ ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣድ በጣደበት ሰዓት። እዚህ ላይ ጥፋተኛው ኃይል ሰጪው ሣጥን፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ነበር። ይህ ሣጥን የ220 ቮልቱን መብራት ተቀብሎ ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ያወርዳል። ባለ 12ቱ መሥመር ከ11.4 በታች መውረድ የለበትም። በውስጡ ያሉት ኮንደንሰሮች ሲያረጁ ለቀላል ሥራ ይበቃሉ፤ ፕሮሰሰሩ በድንገት ብዙ ሲጠይቅ ግን አይደርሱለትም፤ የግድግዳው መብራት ሲዳከም ደግሞ ይብሳል። ከሌላ ደኅና ኮምፒውተር ሣጥኑን አውጥቼ ብለውጠው መጥፋቱን ተወ። ሣጥኑን መለወጥ እንጂ መክፈት አይገባም፤ ገመዱ ተነቅሎም እንኳ በውስጡ የሚመታ ኤሌክትሪክ ይቀራል።

ዊንዶውስ በመዝገቡ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ጽሕፈት ሲተው ብዙ ሰው ኃይል ሰጪው መበላሸቱን ያረጋገጠ ይመስለዋል። ጽሕፈቱ ግን ኮምፒውተሩ በደንቡ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ምክንያቱን አይናገርም።

ሳይጠፋ ሰማያዊ ገጽ የሚያሳይ፣ ወይም ፕሮግራሙ ብቻ ተዘግቶ የሚቀር ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሜሞሪው ነው። ሜምቴስት86 የሚባለውን በፍላሽ ጭኖ ሌሊቱን ማስኬድ ነው፤ አንዲት ስሕተት ብቻ ብትገኝ ሜሞሪው ደኅና አይደለም ማለት ነው። ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ለማስጨነቅ ደግሞ ፕራይም95 አለ። ይህ ፕሮግራም በ1996 እ.ኤ.አ. ትላልቅ ዋና ቁጥሮችን ለመፈለግ የተጀመረው ሥራ ነው፤ መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ሒሳብ ስለሚያሠራ ፕሮሰሰሩ ሲሳሳት ወዲያው ይይዘዋል። የሒሳብ ሥራ ለጠጋኞች እንዲህ መጥቀሙ ደስ ይለኛል።

ፕሮሰሰሩ ራሱ የሚያጠፋበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የጠረጴዛ ፕሮሰሰሮች ከባድ ሥራ ላይ ሲወድቁ ብዙ ተጠቃሚ አማረረ። አንዳንዱ ጨዋታ በሚዘጋበት ጊዜ «የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል» ይል ስለ ነበር ሰዎች ደኅናውን የቪዲዮ ካርድ ይወቅሱ ነበር። በኋላ ኩባንያው ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልት ይጠይቁ እንደ ነበር አምኖ በነሐሴ ወር ማረሚያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማረሚያው ግን ቀድሞ የተጎዳውን አላዳነም። የዚህ ትውልድ ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት ባዮሱን ማደሱን ያረጋግጥ።

በምርመራው ጊዜ ከሁሉ የሚያስቸግረው መቸኮል ነው። ሜሞሪውንም፣ ቅባቱንም፣ ኃይል ሰጪውንም በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ኮምፒውተሩ ቢድን እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ ደኅናውንም ዕቃ ይጥላል። አንድ ነገር ለውጦ፣ ያንኑ ከባድ ሥራ ሰጥቶ፣ ስንት ደቂቃ እንደ ቆየ መጻፍ ነው። እኔ ወረቀቱን ከኮምፒውተሩ ጎን ላይ እለጥፈዋለሁ።

ኮምፒውተር በሞዴል 22 ተረክበው የሚሠሩ አንባቢዎቼ በተለይ ይህን ልብ ይበሉ፤ ዕቃው ቢጠፋባቸው ጥያቄው ወደ እነርሱ ይመጣልና። ለንብረት ክፍል «ኮምፒውተሩ ስለ ተበላሸ ይለወጥልኝ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «ቀላል ሥራ ይሠራል፤ ከባድ ሥራ ሲሰጠው በዐሥር ደቂቃ ይጠፋል፤ ሽፋኑ ሲከፈት አርባ ደቂቃ ይቆያል፤ አቧራው እንዲጠረግና ተርማል ፔስት እንዲለወጥ» ብሎ ቀኑን ጨምሮ መጻፍና አንዱን ቅጂ ለራስ ማስቀረት ነው።