ምርኮኛ በሌቭል አይሸጥም!

"ማውንት ኤንድ ብሌድ፦ ዋርባንድ" የተባለውን የ2010 (እ.ኤ.አ.) ጌም የተጫወታችሁ ታውቁታላችሁ። ምርኮኞቻችሁን እየነዳችሁ መጠጥ ቤት ትገባላችሁ፣ አንድ ደላላ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። የተራው ምርኮኛ ዋጋ? በሌቭሉ ልክ። ወንበዴው እንኳን ሳንቲም ያወጣል!

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ታሪክ ሳይሆን በግ ተራ ነው። (በግ ተራም ቢሆን ክርክር አለ።) በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ዋጋውን የሚወስነው የምርኮኛው ጉልበት ሳይሆን የከፋዩ ኪስ ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ዣን 2ኛ በ1356 ፑዋቲዬ ላይ ተማረከ፤ በ1360 ውል 3 ሚሊዮን ኤኩ ተቆረጠበት። ምርጥ ተዋጊ ስለነበር መሰላችሁ? ግብር የሚገብርለት አገር ስለነበረው ነው። ከፋይ የሌለው እግረኛ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ሜዳ ላይ ይታረድ ነበር።

"ጌም ነው፣ አታካብጂ" የምትሉኝ አላችሁ። ታዲያ "ታሪካዊ" አትበሉታ! በሲና በረሃ ለታገቱ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ዘመድ አዝማዱ ገንዘብ ሲለምን ያየ ሰው፣ ቤዛ የሁለት ሰው ንግድ እንዳልሆነ ያውቃል። ደላላው ጋ ግን ዘመድ የሚባል የለም። ቢያንስ ለቤተሰቡ ደብዳቤ አስጽፉና ሲከራከሩ፣ መሬት ሲሸጡ አሳዩን። የዣን ልጅ ሉዊ በመያዣነት ተሰጥቶ በ1363 ሲጠፋ፣ አባትየው በ1364 በገዛ እግሩ ለንደን ተመልሶ እዚያው ሞተ። ይህን ስንተኛ ሌቭል ላይ ልታስቀምጡት ነው?