አባትና ልጅ በአንድ ወንበር ሲማሩ



ልጅ ከአባቱ ይማራል ማለት የተለመደ ነገር ነው። አባት ከልጆቹ ጋራ አብሮ ሲማር ግን ምን እንደሚሆን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ሁሉም ጀማሪ ሆነው በአንድ አስተማሪ ፊት ሲቆሙ፣ በቤት ውስጥ የነበረው የመናገርና የመስማት ሥርዓት ወዴት ይሄዳል? እኛ ወንድምና እኅት የዚህን ጥያቄ መልስ ያገኘነው ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ ሰው ሁሉ ዶቅዶቄ ከሚለው ከሞተር ብስክሌት ላይ ነው። ዋጋውም ቀላል አልነበረም።

አባታችን በደብረ ብርሃን ከተማ 38 ዓመት ሲያስተምሩ ኖረው፣ በኋላም ርእሰ መምህር ሆነው፣ በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ከከተማው ርቆ የአያታችን የእርሻ ቦታ አለ፤ ወደዚያ የሚሄድ ታክሲ የለም፤ በእግርም ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኛም አንዳችን በጤና፣ አንዳችን በእንስሳት ሕክምና ሥራ ላይ ስለ ሆንን፣ መኪና የማይገባባቸውን ቀበሌዎች በየሳምንቱ ማዳረስ ግዴታችን ነው። ስለዚህ ሦስታችንም በአንድ ቀን ለትምህርት ተመዘገብን፤ ገንዘብ አዋጥተንም አንድ ያገለገለ ባለ 125 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ለመግዛት ቈረጥን። እናታችን ግን «ሦስት የራስ ቁር አስቀድሞ ካልገባ፣ ሞተሩ በዚህ በር አይገባም» ስላሉ፣ ዛሬ ሄልሜት የሚባለው የራስ ቁር ከሞተሩ በፊት ተገዛ። ጎረቤቶቻችን «በሽምግልና ዶቅዶቄ!» እያሉ ሳቁ። አባታችን ግን «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» እያሉ ስንት ትውልድ ያስተማሩ ሰው ናቸውና፣ ሳቁን ከቁም ነገር አልቈጠሩትም።

የሞተር ብስክሌት ታሪክ ራሱ በአባትና በልጅ የተጀመረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጀርመናዊው ጎትሊብ ዳይምለር ከሥራ ባልደረባው ከቪልሄልም ማይባኽ ጋራ ሆኖ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. በቤንዚን የሚሠራ ሞተር በእንጨት ብስክሌት ላይ ገጠመ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ይህን መሣሪያ ከካንሽታት ወደ ኡንተርቱርክሃይም የነዳው የዳይምለር ልጅ፣ ገና ወጣቱ ፓውል ነበረ። ሞተሩን የሚያቀጣጥለው የጋለ ቱቦ ከመቀመጫው በታች ስለ ነበረ፣ በጕዞው ላይ መቀመጫው እሳት እንደ ያዘው ይነገራል። በዚያ ታሪክ አባት ሠራ፣ ልጅ ነዳ። በእኛ ቤት ግን አባትም ልጅም ምንም የማያውቁ ተማሪዎች ነበሩ፤ ፈተናውም ከዚህ መጣ።

የደብረ ብርሃን ጧት ብርዱ የታወቀ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። ሞተሩም ሳይሞቅ መሥራትን አይወድም። እኛ እጃችንን በትንፋሻችን እያሞቅን በየተራ እንወጣለን፤ በግራ እጅ ፍሪሲዮን፣ በግራ እግር ማርሽ፣ በቀኝ እጅ ቤንዚን መስጫና የፊት ፍሬን፣ በቀኝ እግር የኋላ ፍሬን መሆኑን እንደ ፊደል ገበታ እንደጋግማለን። አሠልጣኛችን በልጅነቱ የአባታችን ተማሪ ነበረ። እኛን «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ!» «ማርሹን ሳትቀይሪ ቤንዚን አትስጪ!» እያለ ያለ ርኅራኄ ያርመናል። አባታችን ሲሳሳቱ ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ደኅና ነው መምህር፣ ደኅና ነው» ይላል። በአንድ ወቅት ፊደል ያስቈጠረውን ሰው በሰው ፊት ማረም ከበደው።

እኛም ከእርሱ የተሻልን አልነበርንም። አባታችን የእጅ ፍሬኑን ከቶ አይነኩትም ነበር፤ በወጣትነታቸው ብስክሌት ሲነዱ የፊት ፍሬን በድንገት ይዘው በግንባራቸው ስለ ወደቁ፣ ከዚያ ወዲህ ፈሩት። በእግራቸው ብቻ እንደሚያቆሙ ሦስት ሳምንት ሙሉ አየን፤ ዝም አልን። አንድ ቀን ጧት ደግሞ የራስ ቁራቸው ማሰሪያ ሳይቈለፍ ከአገጫቸው በታች ተንጠልጥሎ አየነው። እርስ በርሳችን ተያየን። በዙሪያችን ሌሎች ተማሪዎች ቆመው ነበር፤ ከመካከላቸውም አባታችን ያስተማሯቸው ነበሩ። «አሁን በእነዚህ ሁሉ ፊት እንደ ሕፃን ቍልፍዎን ይቈልፉ ይባላሉን?» ብለን በልባችን አሰብን፤ ይህንም አክብሮት አልነው።

አባታችን በቍልቍለቱ ሲወርዱ አንድ ውሻ ወደ መንገዱ ገባ። እንደ ልማዳቸው የእግር ፍሬኑን በሙሉ ኀይላቸው ረገጡ። የኋላው ጎማ መዞሩን አቁሞ በጠጠሩ ላይ ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ ሞተሩና አባታችን ተለያዩ። የራስ ቁራቸው ወልቆ ብቻውን እየተንከባለለ ወደ እኛ መጣ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳነውም። ቸርነት ሆኖ በራሳቸው ሳይሆን በትከሻቸው ወደቁ፤ የትከሻቸው አጥንት ተሰንጥቆ ለ6 ሳምንት እጃቸው በጨርቅ ታሰረ።

በዚያ ማታ እናታችን ቡና አፍልተው ተቀምጠን ሳለ፣ አባታችን «ማሰሪያዬ እንዳልተቈለፈ አይታችሁ ነበርን?» ብለው ጠየቁን።

«አይተን ነበር» አልን።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እንዳናሳፍርዎ ብለን ነው።»

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «38 ዓመት ሙሉ የሰውን ልጅ ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ኖሬ፣ የእኔን ስሕተት የሚያርም አንድ ሰው አላፈራሁም ማለት ነውን?» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ነገር ግን ያች ቃል ከማንኛውም ቍጣ የበለጠ ከበደችን።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፤ አባትንና እናትን ማክበር ለሁላችን የታዘዘ ነው። ዳሩ ግን አደጋ እያዩ ዝም ማለት ከዚያ ትእዛዝ የሚቈጠር አይደለም። እኛ ያን ጧት የጠበቅነው የአባታችንን ክብር መስሎን ነበር፤ በእውነት የጠበቅነው ግን የራሳችንን ኀፍረት ነው። ለመናገር የፈራነው እኛ፣ የወደቁት እርሳቸው ሆኑ።

በማግሥቱ አሠልጣኙ ሊጠይቃቸው መጣና፣ አስቀድሞ መናገር የነበረበትን ያን ጊዜ ተናገረ። ሞተር ብስክሌት ሲገታ ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የፊተኛው ጎማ መሬቱን አጥብቆ ሲይዝ የኋለኛው ይቀልላል። ስለዚህ ከማቆሙ ሥራ የሚበዛው የፊት ፍሬን ድርሻ ነው፤ የኋላው ብቻ በኀይል ሲረገጥ ጎማው ይታሰርና ይንሸራተታል። የፊቱም ቢሆን በድንገት ሲጨበጥ፣ ይልቁንም በጠጠርና በእርጥብ መሬት ላይ፣ ይጥላል። ትክክለኛው መንገድ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ሁለቱን አንድነት መያዝ፣ የፊቱንም ቀስ በቀስ ማጥበቅ ነው።

ስለ ራስ ቁርም ሐኪሞች ከብዙ ጊዜ ጀምሮ መክረዋል። ሂው ኬርንስ የተባለው የአንጎል ቀዶ ሐኪም፣ በ1935 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከሞተር ብስክሌት ወድቆ የሞተውን ስመ ጥሩን የጦር መኰንን ቶማስ ኤድዋርድ ሎውረንስን ካከሙት አንዱ ነበረ። ሎውረንስ የራስ ቁር አላደረገም ነበር። ኬርንስም በ1941 እ.ኤ.አ. የራስ ቁር ሞተረኞችን ከሞት እንደሚያድን የሚያሳይ ጥናት አሳተመ። በ2008 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራም፣ የራስ ቁር በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ በራስ ላይ የመጐዳትን ዕድል በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ አስረድቷል። ነገር ግን ማሰሪያው ያልተቈለፈ የራስ ቁር እንዳልተደረገ ይቈጠራል፤ ምክንያቱም ከራስ ቀድሞ ይሄዳል።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን አንድ ደንብ ቆመ። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲታይ፣ ሰው ይኑር አይኑር፣ ወዲያው ይነገራል። ሌላው ስሕተት ግን ከሞተሩ ከተወረደ በኋላ፣ ከመጀመሪያው የቡና ስኒ በፊት፣ ያለ ፌዝና ያለ ምስክር ይነገራል፤ በአንድ ቀንም ለአንድ ሰው ከአንድ ስሕተት በላይ አይነገርም። የተነገረውም ሰው በዚያ ቀን መልስ አይሰጥም፤ አስቦበት በማግሥቱ ይናገራል። የመጨረሻውን አንቀጽ ያስገቡት አባታችን ናቸው።

ደንቡም ለእኛ ጠቀመን። አባታችን እጃቸው ታስሮ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያዩን ከርመው፣ «ዓይናችሁ የሚያየው ድንጋዩን ነው፤ ሞተሩም ዓይናችሁን ተከትሎ ወደ ድንጋዩ ይሄዳል። መሄድ የምትፈልጉበትን ተመልከቱ» አሉን። አሠልጣኙ ይህን ሲሰማ ፈገግ ብሎ «እኔም ይህን ልነግራቸው ነበር» አለ። እኛም ያን ቀን ደንቡን ጠብቀን መልስ አልሰጠንም።

ትከሻቸው ከዳነ በኋላ ትምህርታቸውን ጨርሰው መንጃ ፈቃዳቸውን ከእኛ ሁለት ወር ዘግይተው አወጡ። ዛሬ ወደ አያታችን የእርሻ ቦታ ሲሄዱ ጧት በደጅ ይቆማሉ። ርእሰ መምህር በነበሩበት ዘመን ተማሪዎች ተሰልፈው ጥፍራቸውን ያሳዩአቸው ነበር፤ ሳያሳይ ወደ ክፍል የሚገባ አልነበረም። አሁን እርሳቸው የራስ ቁራቸውን ያደርጉና፣ ከእኛ መካከል በቤት ወዳለው ቀርበው አገጫቸውን ቀና አድርገው ያሳያሉ። እኛም ማሰሪያውን በጣታችን ሳብ አድርገን አይተን «ደኅና ነው፣ አባባ» እንላቸዋለን። ያን ጊዜ ሞተሩን አስነሥተው ይሄዳሉ።