በእናቶቻችን እጅ ላይ የታሰረው ሰዓት

ጠዋት እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ፣ ክርያት ሞሼ ሰፈር ውስጥ ወደ ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ክሊኒክ) ብቅ ያለ ሰው ከኢትዮጵያ የመጡ የሰፈራችንን እናቶች እጅ ልብ ብሎ ቢያይ አንድ አዲስ ነገር ያስተውላል። ነጠላቸውን እንደ ቀድሞው አጣፍተዋል፣ ሻሻቸውን አስረዋል፤ ከእጅጌያቸው ሥር ግን ጥቁር የጎማ ማሰሪያ ያለው ሰዓት ይታያል። እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ይለካል፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ ጠዋት ይናገራል። ለበዓል ሲሆን፣ ወይም ወላጅ ታሞ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ልጆች የሚያመጡት ስጦታ ይኸው ሆኗል። ስጦታው ከፍቅር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከሥራ ወደ ሥራ የሚሮጥ ልጅ እናቱን በየቀኑ መጥቶ ማየት ሲያቅተው ቢያንስ ደህና መሆኗን የሚነግረው ነገር ይፈልጋል። እኔም አንዱን አስሬ ነው የምውለው፤ አልጠላሁትም። የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ስለ እናቶቻችን ለልጅ፣ ለሐኪምና ለአምራቹ ድርጅት ሲናገር፣ ለራሳቸው ለእናቶቻችን ግን በማያነቡት ቋንቋ መጻፉ ነው።

በቅርቡ ክሊኒክ ወረፋ ስንጠብቅ አንዲት የሰፈራችን እናት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ዘረጉልኝና፣ «እስቲ አንተ ልጅ እየው፤ ይኼ ምን ይላል?» አሉኝ። መስታወቱ ላይ የልብ ምልክት አለ፤ ቁጥር ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ላይ ግን ሁለት ሰረዝ ብቻ ነው የሚታየው። «ወንዱ ልጄ ተበላሽቷል ብሎ ሊመልሰው ነው። እኔ ደግሞ ልቤ ደክሞ ይሆናል ብዬ ሰጋሁ» አሉ። ሰዓቱን ከፍ ሳደርገው ምክንያቱ ወለል ብሎ ታየኝ። ከእጃቸው አንጓ ተነስቶ ወደ ክንዳቸው የሚወጣ፣ በልጅነታቸው ጎንደር ሳሉ የተነቀሱት ንቅሳት አለ፤ መስመሮቹ ጥቅጥቅ ያሉ፣ ቀለሙ ዛሬም ያልደበዘዘ። ሰዓቱ ያረፈው ልክ በላዩ ላይ ነው። ንቅሳት ወደሌለበት ወደ ሌላው እጃቸው አዛወርነው። ጥቂት ቆይቶ 74 የሚል ቁጥር መጣ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አቅርበው ደጋግመው አዩት።

ሥራውን የሚሠራው ከሰዓቱ ሆድ ሥር የሚብለጨለጨው አረንጓዴ ብርሃን ነው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይመጥጣል። ልብ በመታ ቁጥር ከቆዳው ሥር የሚያልፈው ደም ስለሚጨምር ወደ ሰዓቱ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ያንሳል፤ በሁለት ምት መካከል ደግሞ ይበረክታል። ሰዓቱ ይህን መጨመርና መቀነስ ተከታትሎ ነው የልብ ምት የሚቆጥረው። የንቅሳት ቀለም በመካከል ገብቶ ብርሃኑን ሲጋርደው የሚያነበው ነገር ያጣል። ይህ ምስጢር አይደለም፤ አፕል ራሱ ንቅሳት የልብ ምት መለኪያውን ሊያውከው እንደሚችል በመመሪያው ላይ ጽፏል። ጽሑፉ ለእኚህ እናት ግን አልደረሰም፤ በምትኩ ልባቸው የደከመ መስሏቸው ሲጨነቁ ከረሙ።

ጉዳዩ ንቅሳት የሌለንንም ይነካናል፤ ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒንም ብርሃን ይመጥጣልና። በ2020 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተለያየ የቆዳ ቀለም ባላቸው ሰዎች ላይ የእጅ መለኪያዎችን ፈትነው በልብ ምት ንባብ ላይ ከቀለም የመጣ የጎላ ልዩነት አላገኙም፤ ስህተቱ የሚበዛው ሰውየው ሲንቀሳቀስ ነው፣ ከመሣሪያ መሣሪያም ይለያያል። ይህ ደስ ያሰኛል። የደም ኦክስጅን ንባብ ግን እንደዚያ አይደለም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት ሆስፒታል ውስጥ ጣት ላይ የሚደረገውን መለኪያ መርምሮ ነበር። መሣሪያው ደህና ነው ብሎ ካነበበው መካከል፣ ኦክስጅኑ በደም ምርመራ ዝቅ ብሎ የተገኘው በጥቁር ታካሚዎች 11.7 በመቶ፣ በነጮች 3.6 በመቶ ነው። ከጣት መለኪያው ያልጠራ ነገር በእጅ ሰዓት ላይ ጠርቶ ይመጣል ብዬ አላምንም። ትንፋሽ የሚያጥራቸው አባት ሰዓታቸው 96 ስላለ ብቻ ቤት መዋል የለባቸውም።

ሰዓቱ የሚጠቅምበትን ቦታ ደግሞ መካድ ነውር ነው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከ419,000 በላይ ሰዎችን ያሳተፈና በ2019 የታተመ ጥናት አካሂዶ ነበር። ሰዓቱ የልብ ምትህ ተዛብቷል ብሎ ያስጠነቀቀው 0.52 በመቶ የሚሆኑትን ብቻ ነው። ከእነሱ መካከል በደረታቸው ላይ መመርመሪያ ተለጥፎ በተከታተሏቸው ሰዎች፣ ከሦስቱ በአንዱ ገደማ የልብ መርገብገብ ተገኝቷል። ይህ ሕመም ሳይታወቅ ቆይቶ ስትሮክ ሊያመጣ የሚችል ነው። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ በዕብራይስጥ ወይም በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ማንበብ የማይችሉ እናት እጅ ላይ አንድ ጊዜ ንዝር ብሎ ቢጠፋስ? ያኔ ሰዓቱ ሥራውን ሠርቷል፤ እኛ ግን አልሠራንም።

የእንቅልፉ ነገር ከልብ ምቱ ይልቅ ያከራክራል። በእንቅልፍ ላቦራቶሪ የሚመረመር ሰው ራሱ ላይና ዓይኑ አጠገብ ገመድ ተለጥፎበት የአንጎሉ ሞገድ ይመዘገባል፤ ቀላሉና ከባዱ እንቅልፍ፣ ሕልም የሚታይበትም ጭምር የሚለየው በዚያ ነው። ሰዓቱ አንጎልን አያይም። የእጅን እንቅስቃሴና የልብን ምት ይዞ ይገምታል። አልጋው ላይ ሳይንቀሳቀስ ጣራ ጣራ ሲያይ የሚያድርን ሰው ተኝቷል ብሎ ሊጽፈው ይችላል። በ2017 በአሜሪካ የእንቅልፍ ባለሙያዎች በመሣሪያው ቁጥር ተጨንቀው እንቅልፍ ያጡ ሰዎችን አይተው ሁኔታውን «ኦርቶሶምኒያ» ብለው ሰየሙት። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ላቦራቶሪው ደህና እንደተኙ ሲያሳይ እንኳ ከሐኪሙ ይልቅ መሣሪያቸውን ያመኑ ነበሩ።

በኛ ሰፈር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ስንቱ አባት ነው ሌሊቱን ሙሉ በሽሚራ (በጥበቃ ሥራ) ቆሞ አድሮ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚተኛው? ስንቷ እናት ናት ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ይዛ የሰው ቢሮ ልታጸዳ የምትወጣው? እንዲህ ላለው ሰው ሰዓቱ «በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተኛ» ብሎ ይመክራል። ፈረቃውን የሚያወጣው አሠሪው ሆኖ ሳለ ምክሩ የሚደርሰው ለሠራተኛው ነው። ሌሊት ተነስተው ጸሎት የሚያደርሱ ሽማግሌዎቻችንንም እንቅልፋቸው የተቆራረጠ ብሎ ይመዘግባቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ሲጸልዩ የኖሩበትን ሌሊት በሽታ ነው ብሎ ማስፈራራት አይገባም።

በጁን 2025 ከኢራን ጋር ጦርነት በነበረባቸው 12 ቀናት የሆነውንም ማንሳት አለብኝ። ጁን 15 ሌሊት ላይ ሚሳይል እዚሁ ረሆቮት የቫይስማን ኢንስቲትዩትን መታ። አዲስ ቤት ሁሉ ማማድ (የተጠናከረ መጠለያ ክፍል) እንዲኖረው ግዴታ የሆነው ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በተሠሩ ሕንጻዎች የሚኖሩ ሽማግሌዎች ሳይረን በጮኸ ቁጥር ደረጃ እየወረዱ ሚክላት (የጋራ መጠለያ) ፍለጋ ይወጡ ነበር። ሰዓቶቹ ያንን ሌሊት መዝግበውታል፤ የልብ ምቱ ሽቅብ የወጣበት፣ እንቅልፉ የተቆረጠበት ሰዓትና ደቂቃ ሁሉ ተጽፎ አለ። ለምን እንደሆነ ግን አያውቁም። ሐኪም ዘንድ ይዞ ቀርቦ «ከዚያን ሌሊት ወዲህ እንቅልፌ አልተመለሰም፤ ይኸው» ብሎ ማሳየት የሚችል ሰው ቢኖር መዝገቡ ወርቅ ነው። ብዙዎቹ ሽማግሌዎቻችን እንዲህ ያለ መዝገብ እጃቸው ላይ እንዳለም አያውቁም።

ስለ እርምጃም ልናገር። 10,000 የሚለው ቁጥር ከሕክምና የመጣ ሳይሆን ከቶኪዮ ኦሎምፒክ ማግስት፣ በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣ እርምጃ ቆጣሪ ይዞት የመጣ ነው። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ወደ 17,000 በሚጠጉ አረጋውያን ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በቀን 4,400 እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ከሚሄዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል፤ ጥቅሙ ከ7,500 በኋላ ብዙም አይጨምርም። ይህን የሰማች እናት ትበረታለች። ያልሰማችው ማታ ማታ 5,000 ላይ የቆመውን ቁጥር አይታ ያልተሳካላት ይመስላታል። እነዚህ እናቶች ከጎንደርና ከትግራይ ተነስተው፣ ልጅ አዝለው፣ ወደ እስራኤል ለመድረስ ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ሱዳን የገቡ ናቸው። በዚያ መንገድና በመጠለያዎቹ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን ሞተዋል። ለእነሱ እግር ምን እንደሆነ የሚያስተምራቸው የለም። የተለወጠው ኑሯቸው ነው፤ ወንዝ መውረድና ገበያ መሄድ ቀርቶ ፎቅ ቤትና አውቶቡስ ሆነ፣ ነጭ ዱቄትና ስኳር በረከተ። ሲመጡ እምብዛም የማይታወቀው የስኳር በሽታ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማኅበረሰባችንን የመታውም ከዚህ ለውጥ ጋር ተያይዞ ነው። መሄድ ያስፈልጋል የምንላቸው በዚህ ምክንያት መሆኑን ስንቶቻችን ነግረናቸዋል?

ሰውነታችን ሳይነገረን ሲለካና ሲመዘን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የለገስነው ደም ለኛ ሳይነገር ሲጣል እንደኖረ በጃንዋሪ 1996 ጋዜጣ አወጣው፤ በዚያው ወር ወደ 10,000 የሚሆን ሕዝባችን ኢየሩሳሌም ወጥቶ ጮኸ። በጃንዋሪ 2013 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ለኩፓት ሆሊሞቹ መመሪያ አስተላለፈ፤ የዴፖ ፕሮቬራ የወሊድ መከላከያ መርፌ ምን እንደሚያስከትል ላልተረዱ ኢትዮጵያውያን ሴቶች መርፌው እንዳይታደስ አለ። እነዚያን ጉዳዮች ከእጅ ሰዓት ጋር እኩል አላደርጋቸውም፤ ሰዓቱን ያሰረልን ልጃችን ነው፣ ሲሻንም ፈትተን እናስቀምጠዋለን። ግን ከዚያ ዘመን የወረስነው ጥርጣሬ አለ፤ ስለ ሰውነቱ የተጻፈውን ሌላው የሚያነብበት፣ ራሱ ግን የማያነብ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ሲብራራ የሚመጣው ለውጥ ደግሞ ትልቅ ነው። ከ1998 ጀምሮ «ጤና ብሪዩት» የተባለው ማኅበር ስለ ስኳር በሽታ ሕዝባችንን በራሱ ቋንቋና በሚበላው ምግብ ሲያስተምር ኖሯል። የቫይስማን ተመራማሪዎች ኤራን ሴጋልና ኤራን ኤሊናቭ በ2015 ባሳተሙት ጥናት 800 ሰዎች ለአንድ ሳምንት ስኳር የሚለካ መሣሪያ ለብሰው ነበር፤ ያው ምግብ የአንዱን ስኳር ሽቅብ ሲያወጣ የሌላውን ዝም እንዳለው ታየ። እንጀራ በልቶ ስኳሩ የት እንደደረሰ በዓይኑ የሚያይ፣ ያየውንም በአማርኛ የሚያስረዳው ሰው ያለው ታካሚ፣ «ይህን ተው፣ ያንን ተው» ከሚባለው ይልቅ ራሱን ይገዛል።

 

ስለዚህ ለልጆቻችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ሰዓት ያሰራችሁላቸውን ወላጆቻችሁን ቁጥራቸውን ከሩቅ በስልካችሁ ከማየታችሁ በፊት አጠገባቸው ቁጭ በሉና አብራችሁ ክፈቱት። አረንጓዴው ብርሃን ምን እንደሚያደርግ ንገሯቸው፤ ንቅሳት ካለ በሌላው እጅ እሰሩት፤ ምን ዓይነት ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለባቸው፣ የትኛውን ደግሞ ንቀው መተው እንደሚችሉ አስረዷቸው። መረጃቸውን ማን እንዲያይ እንደሚፈልጉም ጠይቋቸው፤ አልፈልግም ካሉ ይከበርላቸው። ኩፓት ሆሊሞቹም በየክሊኒኩ አማርኛ የሚናገር አስረጂ ባለበት ቀን የእጅ ሰዓትና የስኳር መለኪያ ጥያቄ የሚስተናገድበት ሰዓት ይመድቡ። ወላጆቻችን ደግሞ አትፈሩ፤ ቀጣዩ ቱራችሁ (የክሊኒክ ቀጠሯችሁ) ሲደርስ ሰዓቱን ሳትፈቱ ሂዱና እጃችሁን ዘርግታችሁ «ይኼ ስለኔ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በሚገባችሁ ቋንቋ ማግኘት መብታችሁ ነው።