የሚተክል ሞልቷል

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ እንጦጦ አንድ ግጥም ጽፌ ነበር። እንዲህ ይጀምራል፦

አረንጓዴ ካባ በጫንቃሽ ደርበሽ፣
ለሸገር ዘውድ ሆነሽ ለሰማይ ቀርበሽ፤

በአንድ የግጥም ምሽት ተነበበ፤ ተጨበጨበለትም። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። የሚያሳፍረኝ ቤት አመታቱ አይደለም (እርሱም ቢሆን የሚያስመካ አይደለም)፤ ካባው ከየት እንደመጣና ማን እንዳለበሳት ሳላውቅ ማወደሴ ነው። ከታች ከየካ ቆሜ፣ ቀና ብዬ ያየሁትን አረንጓዴ ሁሉ ደን ነው ብዬ አመንኩ። እኛ ግጥም ጻፊዎች ከሩቅ ማየት ይቀናናል። ስለዚህ የዛሬው ሙግቴ በቅድሚያ ከራሴና ከመሰሎቼ ጋር ነው፤ ቀጥሎም ክረምት በመጣ ቁጥር ኮፍያና ካናቴራ አጥልቀን ተራራ ከምንወጣው ሁሉ ጋር።

ያ ካባ ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ እንግድነቱን ይናገራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የእንጦጦና የአካባቢው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ ሲመናመን፣ የእንጨት እጦቱ እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት ቶሎ የሚያድገው፣ ሲቆርጡትም መልሶ የሚያቆጠቁጠው ይህ ባዕድ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን እንዲያው በደፈናው የሚረግም ሰው ውለታ ቢስ ይመስለኛል። ጀርባቸው እስኪጎብጥ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ከእንጦጦ ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች እንጀራቸው ከእርሱ ነው፤ የእኛም እንጀራ ስንት ዘመን የተጋገረው በእርሱ ቅጠል ነው። ነገር ግን ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም፤ የረገፈው ቅጠልም ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። የሐምሌ ጎርፍ ያንን ራቁት አፈር ጠርጎ በቀበና በኩል ወደ አቃቂ ይዞት ይነጉዳል። አገር በቀሉን ዛፍ የመመለሱ ጉዳይ የጌጥ ጉዳይ ያልሆነው ለዚህ ነው።

መመለሱን የሚቃወም የለም። ጠቤ ከአመላለሱ ጋር ነው። ለሚሊኒየሙ በዓል «ሁለት ዛፍ ለሁለት ሺህ» ተባለ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. የአንድ ጀንበሩ ዕቅድ 500 ሚሊዮን ሆነ፤ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 700 ሚሊዮን። ውኃ ሳይጠጣ የሚያድግ ነገር ቢኖር ይህ ቁጥር ነው።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቁጥር እንጀራዬ ነውና አልንቀውም። ነገር ግን ባንክ ቤት ያበደሩትን ብቻ ቆጥሮ ሒሳብ መዝጋት የለም። «ዘንድሮ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር አበደርን» ብሎ ከበሮ የሚያስመታ፣ «ስንቱ ተመለሰ?» ሲሉት ግን ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሥራ አስኪያጅ በወንበሩ ስንት ቀን ይሰነብታል? የጸደቀው ችግኝ መጠን በኋላ በመቶኛ ይነገረናል፤ እውነት ነው። ካሜራውና ዘፈኑ ግን ያጀቡት የተከላውን ቀን ነው፤ የጥር ወር ላይ ቆጠራ ማን ሲያጅበው አይተናል? በኬንያ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የመሠረቱት የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ ለገጠር ሴቶች ጥቂት ሳንቲም ይከፍል ነበር፤ የሚከፍለውም ለተከሉት ሳይሆን ለጸደቀላቸው ችግኝ ነው። እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ እዚህም አጨብጭበናል። ያችን የክፍያ ዘዴ ግን አልተማርናትም።

አሁን የራሴን ላውጣ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የመሥሪያ ቤታችን ሰርቪስ ከየካ ሚካኤል በላይ ወዳለው ኮረብታ ወሰደን። ችግኙ ቀድሞ ወርዷል፤ ጉድጓዱም በሌሎች እጅ ተቆፍሮ ይጠብቀናል። ሁለት ሁለት ተከልን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ውኃና ብስኩት ታደለን፣ ከምሳ በፊት ቤታችን ገባን። በጥር፣ የሚካኤል ዕለት፣ ታቦቱን ካስገባን በኋላ እግሬን ላፍታታ ብዬ ወደዚያው ወጣሁ። የተከልኩትን ጽድ ከአንዲት ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ስለነበር አገኘሁት። ጭራሮ ሆኗል። ሳብ ባደርገው ሳያስቸግር ወጣ፤ ሥሩ ከነጥቁር ፕላስቲኩ ነበር። ፕላስቲኩን ቅደዱ ያለን ሰው አልነበረም፤ እኔም፣ ዲግሪ ያለኝ ሰው፣ አልጠየቅኩም። ማታ ፎቶውን ፈልጌ አየሁት። ፕላስቲኩ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ብቅ ብሎ ይታያል። እኔ እስቃለሁ።

«ዘመቻው ሕዝቡን ያነቃዋል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ይሁን፣ ያንቃው። ነገር ግን ሐምሌ ነቅቶ መስከረም የሚተኛ ሕዝብ ለችግኝ ምን ይፈይዳል? የችግኝ መከራ የሚጀምረው እኛ ከበሮውን ሰቅለን ስንሄድ ነው። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ይቆማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ቀጥሎ የጥርና የየካቲት ፀሐይ ይመጣል። በመካከሉ ፍየሉም በጉም አለ። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ውኃ የሚያመላልስ፣ ዙሪያውን የሚኮተኩት፣ ሣር የሚጎዘጉዝለት፣ እሾህ የሚያጥርለት ሰው ነው። ሚሊዮን ሰው አይደለም፤ ጥቂት፣ ግን ተመልሶ የሚመጣ ሰው። በየአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጽዱና ወይራው እስከ ዛሬ የተረፈው አንድ ቀን ስለተዘመተለት ይመስላችኋል? ባለቤት ስላለው ነው እንጂ።

«እሺ፣ የት ልሂድ?» የሚል ይኖራል። እኔም ለወራት ይህንኑ ስጠይቅ ነበር። ትላልቆቹ ቦታዎች ይታወቃሉ። ጉለሌ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የዕፅዋት ማዕከል አለ፤ በእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክ ላይም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ዛፍ ለመተካት ሲደክም ቆይቷል። እነዚህን ማየትና ምን ላግዝ ብሎ መጠየቅ የማንም መብት ነው። እኔ ግን ያጣሁትን ያገኘሁት ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ በማይሞላ ስፍራ፣ ከአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። በአጥሩ ሥር የተማሪዎች ክበብ የተከላቸው ችግኞች ነበሩ፤ ተማሪዎቹ ለእረፍት ሲበተኑ የሚያያቸው የለም። ዘበኛውን፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ «አባባ፣ በፈቃደኝነት ላግዝ ብዬ ነው» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ልጄ፣ ልትተክል ነው ወይስ ልታጠጣ? የሚተክል ሞልቷል» አሉኝ።

ሥራ የጀመርኩት በማግስቱ ነው። በደብዳቤ አልተጠራሁም፤ ካናቴራም አልተሰጠኝም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ከሠራን በኋላ ሁለት ጀሪካን ይዤ እሄዳለሁ። አንዲት ጎረቤቴ እትዬ፣ የደጃቸውን ጎመን የሚያለመልሙ ሴት፣ ሲያዩኝ ሳቁብኝ፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ግን መኮትኮቻቸውን ይዘው መጡ። አያያዜ ቢያናድዳቸው ጊዜ ነው። በዚያው ሰፈር ስድስት ዓመት ስኖር ከእርሳቸው ጋር የተለዋወጥኩት ሰላምታ ብቻ ነበር።

የአትክልት ሥራ ለጤና ይበጃል ይባላል፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ወገብ እንደሚበጅ እኔም እመሰክራለሁ። ለእኔ የበለጠው ጥቅም ግን ሌላ ነው፤ ለዚህም ነው ነገሩን ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የማነሣው። ቋንቋ አገኘሁ። ያን ግጥም ስጽፍ የማውቀው ቃል «ዛፍ» ብቻ ነበር። እትዬ ብሳናን ከዋንዛ፣ ኮሶን ከጥቁር እንጨት በቅጠሉ መለየት አስተማሩኝ፤ የወይራ ቅጠል ጀርባው የሚያብረቀርቀው ለምን እንደሆነም የራሳቸው ተረት አላቸው። አሁን ወረቀት ላይ «ዛፍ» ብዬ ስጽፍ እጄ ቆም ይላል፤ የትኛው? ይለኛል። «የጥበብ ሰው ድርሻው መጻፍ ነው፣ መኮትኮት የገበሬ ነው» የሚሉ ባልንጀሮች አሉኝ። ስሙን ሳያውቁ ያወደሱት ነገር ውዳሴ ይባል እንደሆነ እነርሱው ይንገሩኝ።

የእኛ መዝገብ ትንሽ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ የቆጠርናቸው አሥራ አንድ ነበሩ። ሦስቱን በግ በላቸው፤ አንዱን ኳስ ሰበረው፤ ሰባቱ ሁለት በጋ ተሻግረዋል። ሽማግሌው ዘበኛ ግን ስምንት ናቸው ይላሉ፤ በኳስ የተሰበረው ወይራ ከሥሩ አቆጥቁጧል፣ ጎንበስ ብለህ እይ፣ ብለውኛል። በመጪው ቅዳሜ አየዋለሁ።