ለምላጩ የጠየቅነውን ለማሽኑም እንጠይቅ

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፀጉር አስተካካይ ሌላ ሰው ላይ ያገለገለ ምላጭ ወደ አንገታችሁ ቢያስጠጋ ከወንበሩ ትነሳላችሁ። ምላጩ ከነወረቀቱ መጥቶ ፊታችሁ ሲከፈት ማየት ትፈልጋላችሁ። ይህ ልማድ በራሱ ጊዜ የመጣ አይደለም። ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ሐዘን ባስገባበት ዘመን ስለታም ነገር በጋራ እንዳንጠቀም በሬዲዮ ተነገረ፣ በየትምህርት ቤቱ ተሰበከ፤ ሰውም ሰማ። እኛን አስተካካዮችን ከሁሉ በላይ የለወጠን ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «አዲስ ነው?» ብሎ የጠየቀው ደንበኛ ነው።

ይህን የምጽፈው ፀጉር በማስተካከል የምተዳደር ሰው ሆኜ ነው። ያ ጥያቄ ምላጩ ላይ በመቆሙ እቆጫለሁ። ምላጭ ራሳችሁ ላይ የሚያርፈው ጠርዝ ለመያዝ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የቀረውን ሥራ የሚሠራው ማሽኑ ሲሆን፣ እሱ ከጠዋት እስከ ማታ ከራስ ወደ ራስ ይዞራል። ስለ እሱ ግን የሚጠይቅ የለም።

ማሽን የሚቆርጠው በሁለት ጥርሶች ነው። የታችኛው ባለበት ይቆማል፤ የላይኛው በላዩ ግራና ቀኝ ይመላለሳል። የፀጉር ብናኝ፣ የራስ ቅባት፣ ፎረፎር፣ አንዳንዴም ለዓይን የማይታይ ደም በሁለቱ መካከል ይጠቀጠቃል። በብዙ ፀጉር ቤት የሚደረገው ማሽኑን በብሩሽ ጠረግ ማድረግ፣ አልኮል መርጨትና በላይተር መለኮስ ነው። ሰማያዊ ነበልባል ቦግ ሲል ደንበኛው ያያል፣ ልቡም ይረጋል። እሳቱ ግን ላዩ ላይ ያለው አልኮል እስኪያልቅ፣ ለጥቂት ሰከንድ ነው የሚነደው። ውስጥ የተጠቀጠቀውን አያጸዳውም። ይልቁንም ጥርሱ የሚንሸራተትበትን ዘይት ያደርቃል። ዘይት ያጣ ጥርስ ይፋጫል፣ ይግላል፣ ቶሎ ይደንዛል። የደነዘ ማሽን ደግሞ ፀጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ ይነጨዋል።

ተቀጥሬ እሠራበት በነበረ ቤት አንድ የሰፈር ሽማግሌ ባልደረባዬ ማሽኑን ሲለኩስ አይተው «አንተ ልጅ፣ እሳቱ ሆዱ ውስጥ ይገባል?» ብለው ጠየቁት። «ጋሼ፣ ሁሉም የሚያደርገው እንዲህ ነው» አላቸው። ልጁ አልዋሸም፤ ችግሩም ሁሉም እንዲህ ማድረጉ ነው።

ከመስታወቱ ሥር የምትቀመጠው ሰማያዊ መብራት ያላት ሳጥንም ከምትችለው በላይ እምነት ተጥሎባታል። ጨረሩ የሚሠራው በቀጥታ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው፤ በፀጉርና በቅባት የተሸፈነውን አያገኝም። የታጠበ ዕቃ ቢቀመጥባት መልካም ነው። ያልታጠበውን ግን አታነጻውም።

ጉዳቱ ምንድን ነው ለሚለኝ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል ባለው ሰሞን ፀጉር ቤት መጥቶ ይይ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ከነዚያ ልጆች መካከል ፀጉሩ በክብ በክብ የረገፈ፣ ቅርፊት የያዘ ራስ አይጠፋም። ቆረቆር ነው። የሚያመጣው ፈንገስ በማበጠሪያ፣ በማሽን ጥርስና በሚደረበው ጨርቅ ይተላለፋል። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ቅባት ብቻ አያድነውም፤ ሐኪም የሚያዝዘው የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ያስፈልጋል። ልጁ ያን ጊዜ ሁሉ ክፍል ውስጥ ኮፍያውን ላለማውለቅ ሲታገል ይከርማል።

ከዚህ የከፋም አለ። የጉበት ቫይረስ ቢ ደሙ ደርቆ ዕቃ ላይ ከቀረ እንኳ ቢያንስ ለ7 ቀን በሽታ የማስያዝ አቅሙን ይዞ ይቆያል። ተሸክመውት ለዓመታት ምንም ሳይሰማቸው የሚኖሩ ብዙ ናቸው፤ ሲገለጥ ግን የጉበት መጠንከር ወይም ካንሰር ሆኖ ሊገለጥ ይችላል። ክትባቱ በአገራችን ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር የተካተተው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን፣ አስተካካዩም ወንበሩ ላይ የተቀመጠውም፣ አልተከተብንም። የሙያ ባልደረቦቼን በዚህ አጋጣሚ እለምናለሁ፤ ተመርመሩ፣ ነጻ ከሆናችሁ ክትባቱን ጨርሱ። የሰው ደም በቅድሚያ የሚያገኘው የእኛን እጅ ነው።

ንጽሕና ከእጅ ሙያ ተለይቶ አይታይም። በደም የሚተላለፍ በሽታ መግቢያ የሚያገኘው በተጫረ ቆዳ ሲሆን፣ ቆዳ የሚያስጭረው ደግሞ ጥድፊያና አለማወቅ ነው። የእኛ ፀጉር ጥቅልል ነው። ሳይፈታ ማሽን ቢገባበት ይጎተታል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ከሥሩ በሚዶ ይበጠራል። ቀጥሎ ማሽኑ ላይ ከሚገጠሙት የፕላስቲክ ቁጥሮች በረጅሙ ይጀመራል። 4 ቁጥር ወደ 13 ሚሊ ሜትር ያስቀራል፣ 2 ቁጥር 6፣ 1 ቁጥር 3። ከረጅም ወደ አጭር መውረድ ይቻላል፤ ያጠረውን ግን ማስረዘም አይቻልም። ማሽኑ ራስ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይጫንም። ፀጉሩ ከታች ወደ ላይ እየረዘመ የሚሄድበት ፌድ ሲሠራ ማሽኑ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የእጅ አንጓ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን መስመር የሚያጠፋው ይህ እንቅስቃሴ ነው። በመቀስና በማበጠሪያ ሲሠራ የሚንቀሳቀሰው አውራ ጣት ብቻ ነው፤ ሌላው ስለት ከማበጠሪያው ጋር ተስተካክሎ ይሄዳል። ይህን በደንብ የተማረ ልጅ ጆሮ አያቆስልም።

ማጅራት ላይ ደግሞ ለብቻው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥቅልል ፀጉር ከቆዳ ጋር እኩል ሲቆረጥ እያደገ ተመልሶ ቆዳውን ሊወጋ ይችላል። ጢም ላይ የምናየው ሽፍታ አንዱ መንስኤ ይህ ነው። ማጅራት ላይም በየሳምንቱ ዜሮ መደረግ ቆዳውን እያስቆጣ አንዳንዱ ላይ የማይጠፋ ጠጣር እብጠት ያስቀራል። ደንበኛዬ «ዜሮ አድርግልኝ» ቢለኝም እዚያ ቦታ እብጠት ካየሁ 1 ቁጥር ላይ እንድናቆም እነግረዋለሁ። ምክንያቱን ሲሰማ የሚከፋ ሰው ጥቂት ነው።

ትክክለኛው አጸዳድ ከባድ አይደለም። ማሽኑ ከመብራት ይነቀልና ጥርሱ ይፈታል፤ ፀጉሩ በብሩሽ ይወጣል። ጥርሱ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፤ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይነከራል። ሲወጣና ሲደርቅ ዘይት ጠብ ይደረግበትና ይገጠማል። ለፕላስቲክ ቁጥሮችና ማበጠሪያዎች በረኪና ይበቃል። 5 በመቶ የሆነው አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ይበጠበጣል፤ የታጠበው ዕቃ 10 ደቂቃ ይቆይበትና በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። በረኪና ብረት ስለሚያዝግ ለጥርሱ አይሆንም። ከሁሉ በፊት ግን መታጠቡ ነው፤ ቆሻሻና ቅባት የሸፈነውን አልኮልም በረኪናም በወጉ አያገኘውም።

«ደንበኛ ተሰልፎ ማን ይህን ያህል ይጠብቃል?» የሚለው የባልደረቦቼ ጥያቄ እውነተኛ ነው። በፐርሰንት የሚሠራ ልጅ የቆመበት ደቂቃ ከእንጀራው ላይ ይቀነሳል። ውሃም በፈረቃ ነው የሚመጣው። መልሱ ትርፍ ጥርስ መያዝ ነው። አንዱ ሲነከር ሌላው ይሠራል። የጥርስ ዋጋ የሙሉ ማሽን ዋጋ አይደለም፤ መግዛት ያለበትም ተቀጣሪው ሳይሆን ባለቤቱ ነው። ውሃውም ቢሆን በጀሪካን ይጠራቀማል። ለግድግዳ መስታወትና ለቆዳ ወንበር ብዙ ብር ያወጣ ባለቤት ለዚህ ሊያንሰው አይገባም።

የራሳቸውን ማሽን በቦርሳ ይዘው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ፤ አልወቅሳቸውም። ነገር ግን መፍትሔው ይህ ከሆነ ማሽን መግዛት የማይችል የጉልት ነጋዴ ልጅ የጋራውን ይዞ ይቀራል ማለት ነው። ለምላጩ ያገኘነው መፍትሔ ሁሉንም እኩል ጠብቋል፤ ሊስትሮውም ባለመኪናውም አዲስ ምላጭ ይከፈትላቸዋል። የማሽኑም እንዲሁ መሆን አለበት።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ሙያ የሚያስተምሩ ተቋማትና የብቃት ምዘና የሚሰጡ አካላት ተመዛኙን ፌድ ከማሠራታቸው በፊት ጥርስ አስፈትተው ያሳጥቡት። ፈቃድ ለማደስ የሚመጣ ተቆጣጣሪ የሚነከርበትን ዕቃና ትርፉን ጥርስ አሳዩኝ ይበል። እናንተ ደንበኞችም ወንበር ላይ ስትቀመጡ «ጥርሱ ታጥቧል ወይ? ሌላ አለህ ወይ?» በሉ፤ ለልጆቻችሁ ደግሞ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ሥራውን የሚያከብር አስተካካይ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ የነከረውን አውጥቶ ያሳያችኋል። የሚያኮርፍ ካለ ወንበሩን ልቀቁለት።