የአንበሳውም ዕድሜ ይቈጠር

በእምድብር ገበያ ኮርማ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ሳያይ ገንዘቡን አይፈታም። ያረጀ ኮርማ ግርማው ባይጐድልም ዘሩ እየሳሳ መሄዱን ያውቃልና ነው። በአጥር ውስጥ ስለሚራባው ጥቁር ጎፈር አንበሳችን ግን ስንት ናቸው ሲባል እንጂ፣ ከወንዶቹ ስንቶቹ ገና ለማስወለድ ይበቃሉ ተብሎ ሲጠየቅ አንሰማም።

የስድስት ኪሎው የአንበሳ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1948 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲቋቋም መነሻ የሆኑት አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ናቸው ይባላል። የላይፕሲግ ማክስ ፕላንክ ተቋም ሊቃውንትና የሥራ ጓደኞቻቸው ከግቢው አንበሶች 15ቱን መርምረው፣ በዘር ከሌሎች የተለዩ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 ገለጹ፤ በጥንቃቄ እንዲራቡም መከሩ። ከሰባት እንስሳ የወጣ ዘር በዝምድና መቀራረቡ አይቀርም፤ መቀራረብ ደግሞ የወንዴውን ዘር እንደሚያበላሽ በህንድ የጊር ደን አንበሶች ላይ እ.ኤ.አ. በ1987 ታይቷል። እርጅና የሚመጣው በዚህ ላይ ነው።

በዱር ይህን የሚያርመው ጕልበት ነው። ወንዱ አንበሳ መንጋውን ይዞ የሚቈየው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ዓመት ነው፤ ጐረምሳ መጥቶ ያባርረዋል። በአጥር ውስጥ ግን ቀለቡ አይቋረጥበትም፤ የሚያባርረውም የለም፤ ከዱር ወንድሙ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ጎፈሩም እንዳማረ ነው። ከውስጥ ግን የወንዴው ዘር ቍጥሩ ይቀንሳል፣ የሚንቀሳቀሰው ያንሳል፣ ቅርጹ የተበላሸው ይበዛል። ሴቲቱ ሳታረግዝ ስትቀር ጥፋቱ በእርሷ ይላከካል፤ ይህስ በሰው ቤትም ያለ ነው።

አሜሪካኖች ባለ ጥቁር እግር ፌሬት የምትባል ሸለምጥማጥ መሳይ አውሬ ልትጠፋባቸው ስትል፣ የቀሩትን 18ቱን እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ሰብስበው ያዙ፤ የዛሬው ዘር የወጣው ከሰባቱ ነው። ወንዶቹ ሲያረጁ የማስወለድ ኃይላቸው ስለሚደክም ዘራቸውን በብርድ አስቀመጡ። ሃያ ዓመት የተቀመጠ ዘር ግልገል ማስገኘቱንም እ.ኤ.አ. በ2015 አስታወቁ።

ዕውቀቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከቃሊቲ የኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ተጠብቆ ለገበሬው ላም መላክ ከጀመረ አርባ ዓመት ያህል ሆኖታል። የአንበሳ ዘር እንደ ኮርማው ብርዱን በቀላሉ አይችልም፤ ቢሆንም በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እጅ እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ደቦሎች በሰው ሠራሽ ማዳቀል ተወልደዋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ቦታና ገንዘብ ጠፍቶ በስድስት ኪሎ ደቦሎች በመርዝ ይገደሉ እንደ ነበር የግቢው ኃላፊ ራሳቸው ለጋዜጠኞች ተናግረዋል። ተተኪው በጨቅላነቱ ከሞተ አሮጌውን ማን ይተካዋል? ስለዚህ ዘሩ በሚጠበቅበት ግቢ ሁሉ የእያንዳንዱ ወንድ የልደት ዓመትና ያስወለዳቸው ደቦሎች በመዝገብ ይስፈሩ፤ ጐረምሳው በጊዜው ወደ ሴቶቹ ይግባ፤ ዘሩም ሳያረጅ ይወሰድለት እንላለን። ከቸሃ ወጥተው የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ ወጣቶችም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲያጡ ይህን መዝገብ ይጀምሩልን።