የጫት ተክልና የገበሬ ማኅበራት ኃላፊነት

ጫት በአገራችን የቆየ ተክል ለመሆኑ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ስሙን ማንሳቱ አንድ ማስረጃ ነው። ዛሬ ከሐረርጌ አልፎ በወንዶ ገነት፣ በጉራጌና በባሕር ዳር ዙሪያ ሳይቀር የብዙ ገበሬ መተዳደሪያ ሆኗል። ስለ ጥቅሙና ጉዳቱ ብዙ የተባለ ቢሆንም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ቅድሚያ ሊሰጡት የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም በቅጠሉ ላይ የሚረጨው የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ነው።

ጫት ቅጠሉ የማይረግፍ ተክል ሲሆን ካልተገረዘ ትልቅ ዛፍ ይሆናል። ገበሬው እየገረዘ የሚያሳጥረው ለጋ ቀንበጥ በብዛት እንዲያወጣለት ነው። የሚባዛውም በዘር ሳይሆን ከግንዱ ሥር በሚበቅለው ቡቃያ ነው። በሐረርጌ በመደዳ ተተክሎ በመካከሉ ማሽላና በቆሎ ይዘራበታል።

የሚያነቃቃው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ተለይቶ የታወቀውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 ነው። ይህ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ወደ ደከመ ሌላ ንጥረ ነገር ስለሚለወጥ ጫት ከተቆረጠ ሁለት ቀን ሳይሞላው መቃም አለበት። በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ከአወዳይ ገበያ ወደ ጅጅጋና ወደ ጅቡቲ በጥድፊያ የሚጫነውም ስለዚሁ ነው።

በባህሉም ቢሆን ጫት በእሳት አያልፍም። ገበሬው ማለዳ ወደ እርሻ ከመውጣቱ በፊት፣ በደቦ ሥራ ላይ፣ በዱኣና በሽምግልና ጊዜ ጥሬውን ይቅማል። የተረፈው ገራባ ለፍየል ይሰጣል። ስለሆነም በቅጠሉ ላይ ያረፈ መርዝ ከማሳ እስከ ሰው አፍ ድረስ የሚያግደው ነገር የለም።

የአደጋው ምንጭ ግልጽ ነው። በ1981 ዓ.ም. የዓለም የቡና ኮታ ስምምነት ፈርሶ ዋጋው ካሽቆለቆለ ወዲህ የቡናን ማሳ ለጫት መልቀቅ እየበረታ መጣ። የጫት ዋጋ የሚወሰነው በቀንበጡ ማማር ስለሆነ ተባይ የነካው ቅጠል ገዢ ያጣል። በዚህም የተነሳ ለወባ ትንኝ ማጥፊያ የታሰበው ዲ.ዲ.ቲ. ሳይቀር ወደ ጫት ማሳ ገብቷል። ከገበያ በተገዛ ጫት ላይ የተደረጉ የላቦራቶሪ ምርመራዎችም ቅሪቱን አግኝተዋል። ዲ.ዲ.ቲ. ለእርሻ እንዳይውል በ1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ታግዷል። በስብ ውስጥ እየተጠራቀመ በወተት ስለሚተላለፍም ገራባ ከበላችው ፍየል ወደ ሕፃናት ሊደርስ ይችላል። ከጫቱ ጎን ያለው ማሽላም ከርጭቱ አያመልጥም።

ጉዳዩ የገበያም ጭምር ነው። ሆላንድ በ2005፣ እንግሊዝ በ2006 ዓ.ም. ጫትን ሲያግዱ ምክንያታቸው ሌላ ቢሆንም፣ አንድ ገበያ በአንድ ውሳኔ ሊዘጋ እንደሚችል ገበሬው አይቷል። መርዝ አለበት የተባለ ጫት ደግሞ በአገር ውስጥም ቢሆን ደንበኛ አይኖረውም።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የሚከተሉትን ሊያስፈጽሙ ይገባል። አንደኛ፣ መለያ ወረቀት የሌለው ወይም በጠርሙስ ተቀንሶ የሚሸጥ መድኃኒት ወደ ማሳ እንዳይገባ በስብሰባ ወስኖ መቆጣጠር። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ርጭት ከግብርና ባለሙያ ጋር ከተመከረ በኋላ ብቻ እንዲፈጸምና በመለያው ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት ሳይሞላ ጫቱ እንዳይቆረጥ ማድረግ። ሦስተኛ፣ በቅርብ ቀን ከተረጨ ማሳ የወጣ ገራባ ለከብትና ለፍየል እንዳይሰጥ፣ ባዶው ዕቃም ውኃ እንዳይቀዳበት ማስተማር። አራተኛ፣ በንፋስ ጊዜና ልጆች ባሉበት እንዳይረጭ መከልከል።

አንድ ገበሬ ብቻውን ቢጠነቀቅ የጎረቤቱ ርጭት በንፋስ ይደርስበታል፤ ጫቱም በገበያ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። ሥራው የማኅበር ሥራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከመጪው ቆረጣ በፊት በየቀበሌው ስብሰባ ተጠርቶ ሊመከርበት ይገባል።